አምፑ 500 ዋት፣ ሰብዉፈሩም 500 ዋት፤ ታዲያ ለምን ተቃጠለ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። ዝርዝሩን ልንገራችሁ።

የመኪናዬ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ባለ 12 ኢንች ነው። ሁለት ኮይል (ሾጣጣውን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) አለው፤ እያንዳንዱ 4 ኦም። ሁለቱን በፓራለል (ጎን ለጎን) ስላገናኘኋቸው አምፑ የሚያየው 2 ኦም ነው። አምፑ (የቴፑን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) ባለ አንድ ቻናል፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ሲሆን በ2 ኦም 500 ዋት አርኤምኤስ፣ ማለትም ለቅጽበት ሳይሆን ያለማቋረጥ፣ ይሰጣል። ሰብዉፈሩም የሚችለው 500 ዋት አርኤምኤስ ነው። ሳጥኑ የአየር መውጫ ቀዳዳ ያለው፣ 35 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ነው (የኸርዙ ቁጥር ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ሁለቱን እቃዎች ለማመጣጠን ብዙ ስለተጨነቅሁ ዋናው ሥራ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። አንድ ማታ ረጅም መንገድ እየነዳሁ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መጀመሪያ ፍሬን መሰለኝ። ቆሜ ጎማዎቹን አየሁ፤ ምንም የለም። ሽታው የሚመጣው ከኋላ ነበር። ሰብዉፈሩ እንደ መፋቅ ያለ ድምፅ አሰማና ዝም አለ። በማግስቱ በቴስተር ስለካው አንደኛው ኮይል ተበጥሷል። ሌላው 1 ኦም እንኳ አልሞላም። የሰብዉፈሩን ሾጣጣ ፊት በጣቴ ቀስ ብዬ ስጫነው ይፋቃል።

አዲስ ከመግጠሜ በፊት ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኩል ከሆኑ ማን ማንን አቃጠለ?

ምላሾቹ

ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረኩ ውይይት፣ እስካሁን 38 ምላሽ ደርሷል። ብዙ ትምህርት ያለበት ስለሆነ፣ ሁሉንም ማንበብ ለማይችል ሰው ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል ቅደም ተከተሉን ጠብቄ አስቀምጣለሁ።

ምላሽ 1። ከመፍረዱ በፊት ጠየቀ። በትሕትና ነው የጻፈው። በደረሰው ነገር ማዘኑን ገልጾ፣ አምፑ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች እያንዳንዳቸው የት ላይ እንደነበሩ፣ የቴፑን ድምፅ እስከ ስንት እንደምከፍት፣ ግራውንዱ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የአምፑ ማይነስ ሽቦ) የት እንደታሰረ እንድነግረው ፈለገ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተተካ እቃ ያንኑ መንገድ እንደሚሄድ አስጠንቅቆ፣ ለጊዜው ምንም እንዳልገዛ ለመነኝ።

ምላሽ 2። የእኔ ነው። ምንም ሳልደብቅ ጻፍኩ። ጌይኑ (አምፑን ከቴፑ ጋር የሚያስማማው ቁልፍ) ሦስት አራተኛ ዞሯል። ባስ ቡስቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ሎው ፓሱ (ከተቀመጠበት ቁጥር በላይ ያለውን ድምፅ የሚከለክለው ማጣሪያ) 150 ኸርዝ ላይ ነው። ሰብሶኒክ የሚለውን (በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚከለክለውን ማጣሪያ) ነክቼው አላውቅም። የቴፑ ድምፅ ከ40 ብዙ ጊዜ 35 ላይ ይውላል። ግራውንዱ የታሰረው የኋላ ወንበር ቀበቶ በያዘው ብሎን ላይ ነው።

ምላሽ 3። አምፑ አንሶህ ነው አለ። ደካማ አምፕ ሰብዉፈር ይገድላል የሚል እምነት አለው። መፍትሔው 1000 ዋት አምፕ መግዛት እንደሆነ መክሮ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም።

ምላሽ 4። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ነገር የገለበጠው ይህ ነው። ቁጥር 3ን በአክብሮት፣ ግን ፈርጠም ብሎ አረመው። የኃይል ማነስ ብቻውን ምንም አይገድልም። ድምፁን ቀንሰን ስንሰማ ሰብዉፈሩ የሚያገኘው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ እንዲያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይሞትም። የሚገድለው ክሊፒንግ ነው። አምፑ ማውጣት የሚችለው ቮልቴጅ ጣራ አለው። ከጣራው በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ አናት ይቆረጥና ጠፍጣፋ ይሆናል። ሞገዱ ጨርሶ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ጣራው ሳይጨምር ኃይሉ ከንጹሑ ሞገድ እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 500 ዋት የተባለው አምፕ ወደ 1000 ሊጠጋ ይችላል። ትርፉ ኃይል ኮይሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። የእኔ 500 እና 500 እኩል የነበሩት ሞገዱ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። እኔ ያመጣጠንኩት ሳጥኑ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች እንጂ እውነተኛውን ሥራቸውን አልነበረም።

ምላሽ 5 እና 6። አምስተኛው፣ የተቆረጠ ሞገድ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ) ስለሚለወጥ ነው ኮይል የሚያቃጥለው አለ። ቁጥር 4 ተመልሶ መጣ፤ አሁን ድምፁ ትንሽ ስልችት ብሏል። አናቱ ጠፍጣፋ ቢሆንም ሞገዱ ከፕላስ ወደ ማይነስ መመላለሱን አላቆመም፤ ስለዚህ ዲሲ አይደለም። ዲሲ የሚወጣው አምፑ ራሱ ሲበላሽ ነው። ይህን ስህተት ማረም እንደታከተው ጨመረበት። ትክክል ነው፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ግን የተሻለ ነበር። ቁጥር 5 የጠየቀው ለመማር ነውና።

ምላሽ 7። የራሱን ታሪክ ነገረን። ሁለት ሰብዉፈር አቃጥሏል። ሁለቱንም ጊዜ ጌይኑን እንደ ድምፅ መጨመሪያ ቆጥሮት ነው። ጌይን ሥራው የቴፑን ቮልቴጅ ከአምፑ ጋር ማስማማት ነው። አንዱ ቴፕ ከኋላው ባሉት የአርሲኤ መውጫዎች 2 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው 4 ቮልት። አምፑ ላይ ከ6 ቮልት እስከ 0.2 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ጌይኑን ወደ 0.2 ጠርዝ ማዞር ማለት 0.2 ቮልት ሲመጣልህ ሙሉ ኃይልህን አውጣ ብሎ ማዘዝ ነው። ቴፑ 4 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ፣ ከአቅሙ ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ሲሰጥ አምፑ ጣራው ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ መቆረጥ ነው።

የእኔ ቴፕ 4 ቮልት የሚሰጥ ነው። መመሪያውን አውጥቼ አረጋገጥኩ።

ምላሽ 8። አጭር ነበረች፤ እኔን ግን በጣም ነካችኝ። ባስ ቡስት የሚባለው አምፔ ላይ 45 ኸርዝን እስከ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያነሳል። 3 ዴሲቤል በጨመሩ ቁጥር የሚፈለገው ኃይል እጥፍ ነው። 12 ዴሲቤል ማለት 16 እጥፍ ነው። ያለ ቡስት 50 ዋት የሚበቃው ምት አሁን 800 ዋት ይጠይቃል። አምፑ ደግሞ የለውም። ምክሩ፣ ቡስቱን ዜሮ ላይ አድርጌ እንዳለ እንድረሳው ነበር።

ምላሽ 9። ረጅሙና ጠቃሚው ምላሽ። አምፕን በቴስተር ማስተካከያ መንገዱን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠልን። እኔ እንደሠራሁት አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰብዉፈሩን ከአምፑ ይነቅላሉ። ይህ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ እየለኩ ሌላ ኮይል ያቃጥላሉ። ቴፑ ላይ ባስ፣ ትሬብል፣ ላውድነስ፣ ኢኳላይዘር ሁሉ ዜሮ። አምፑ ላይ ባስ ቡስት ዜሮ፣ ሎው ፓሱ ከመለኪያው ድምፅ በጣም ከፍ ያለ፣ ጌይኑ መጨረሻ ዝቅ ያለ። ከዚያ በ0 ዴሲቤል፣ ማለትም ቀረጻ በሚደርስበት የመጨረሻ ከፍታ፣ የተቀዳ የ50 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ያጫውታሉ። 50 የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ ርካሽ ቴስተሮች ኤሲ ቮልቴጅ በትክክል የሚለኩት በቤት መብራት ፍጥነት አካባቢ፣ ማለትም ከ50 እስከ 60 ኸርዝ ነው። የቴፑን ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ ያቆማሉ። የእኔ ከ40 ስለሆነ 30 ላይ። ከዚያ በኋላ ማንም ከዚህ ቁጥር በላይ እንዳይከፍት።

ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የአምፑን የስፒከር መውጫ ይለካሉ። የሚፈለገው ቮልቴጅ እንዲህ ይሰላል፦ ዋቱን በኦሙ ማባዛት፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን ማውጣት። ለእኔ 500 ሲባዛ በ2፣ 1000 ነው። ካሬ ሥሩ 31.6። ጌይኑን ቀስ እያሉ እየጨመሩ 31.6 ቮልት ላይ ሲደርስ ማቆም ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ አሮጌውን አቀማመጥ እንዳለ ለካሁት። ባስ ቡስቱ ክፍት፣ ጌይኑ ሦስት አራተኛ፣ የቴፑ ድምፅ 35። ቴስተሩ 43 ቮልት አነበበ። 43 በ43 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 924 ዋት ነው።

ምላሽ 10 እስከ 14። እዚህ ጋ ነገሩ ተካረረ።

ቁጥር 10 ቴስተር የሚያስፈልገው ጆሮ ለሌለው ሰው ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ብቻ ሲያስተካክል እንደኖረና አንድም እንዳልተቃጠለበት ጻፈ። ቁጥር 11 ኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሁለቱንም ነቀፈ። ቴስተር ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሞገዱ መቆረጥ አለመቆረጡን አያይም። በተጨማሪም ሰብዉፈሩ ተነቅሎ የተለካ ቮልቴጅ ሲገጠም ይወርዳል፤ ስለዚህ የእኔ 924 የወረቀት ቁጥር እንጂ ኮይሉ ላይ የደረሰው እንዳልሆነ አስታወሰኝ። ልክ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ይሁን እንጂ 31.6 ከሚለው ምን ያህል እንደራቅሁ ለማሳየት በቂ ነበር።

ቁጥር 10 ተናደደ። ማሽን የያዘ ሁሉ ባለሙያ አይደለም የሚል ነገር ጻፈ። ቁጥር 11ም አልተኛለትም፤ በጆሮ የሚያስተካክል ሰው የመቁረጥ ድምፅን ለምዶት ባስ ብሎ ይጠራዋል ብሎ መለሰለት። ጠንከር ያለች ናት።

ያስታረቃቸው ቁጥር 14 ነው። ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል አላቸው። በሙዚቃ ውስጥ የባስ መቆረጥን በጆሮ መለየት ከባድ ነው፤ ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ብዙ ይታለላል። በንጹሕ የ50 ኸርዝ ድምፅ ግን ይቻላል። ሞገዱ መቆረጥ ሲጀምር በላዩ 150 እና 250 ኸርዝ ይወለዳሉ። ለስላሳ የነበረው ድምፅ ድንገት ይሻክራል፣ ከፍ ያለ ጩኸት ይቀላቀለዋል። ስለዚህ ጆሮም ይሠራል፤ ግን በዘፈን ሳይሆን በመለኪያ ድምፅ፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ይህን ለጀማሪ የጻፈበት መንገድ ደስ ይላል። አመሰግነዋለሁ።

ምላሽ 15። የ0 ዴሲቤሉ ድምፅ ለጥንቃቄ ጥሩ ቢሆንም፣ ብዙ ሙዚቃ ሁልጊዜ በዚያ ከፍታ ላይ እንደማይቆይ ጠቆመ። አንዳንዶች በ5 ዴሲቤል ዝቅ ባለ ድምፅ ያስተካክላሉ። ድምፁ ይጨምራል፤ አንዳንድ ከፍ ብለው የተቀዱ ዘፈኖች ላይ ግን ይቆረጣል። አዲስ ሰው በ0 ይጀምር የሚለውን ሁሉም ተስማማበት።

ምላሽ 16 እስከ 19። ከርዕስ ወጣን። ቁጥር 16 የእሱ አምፕ 3000 ዋት እንደሆነ ነገረን። ቁጥር 17 ፊውዙ ስንት እንደሆነ ጠየቀው። 30 አምፔር ነው። ቁጥር 17 ስሌቱን ሠራለት። 30 ሲባዛ በ13.8 ቮልት 414 ዋት ነው፤ ይህ የሚገባው ነው። ክላስ ዲ ከሚገባው 80 በመቶ ያህል ቢያወጣ 330 ዋት አካባቢ ይሆናል። ፊውዝ ለቅጽበት ከልኩ በላይ እንደሚያሳልፍ ቢታወቅም፣ 3000 ከየትም አይመጣም። ቁጥር 16 ተሰደብኩ ብሎ ከክሩ ወጣ።

ሰውዬው አልተሰደበም፤ የተነገረው ግን በአደባባይ ነበርና ይሰማል። ቁጥር 19 በመጨረሻ ጠቃሚ ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲኢኤ 2006 (አሁን ሲቲኤ 2006) የሚባል የመለኪያ ደረጃ አለ። በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ የተለካ ዋት ማለት ነው። ሌላ ኦም ላይ የተለካ ከሆነ ለብቻው ይጻፋል። አምፕ ላይ ይህ ምልክት ካለ ቁጥሩን ማመን ይቻላል። ማክስ ወይም ፒክ ከሚለው ቁጥር ግን ዓይናችንን ማንሳት አለብን።

ምላሽ 20 እስከ 22። ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥር 20 ነው። ግራውንዴ የቀበቶ ብሎን ላይ መሆኑን ከምላሽ 2 አስታውሶ፣ ማንም ትኩረት ስላልሰጠው መገረሙን ጻፈ። በሁለት ምክንያት ስህተት ነው አለ። አንደኛ የቀበቶ ብሎን የሰው ሕይወት የሚይዝ ነው፤ ለሌላ ነገር አይነካም። ሁለተኛ ከሥሩ ቀለም አለ። ግራውንድ አጭር፣ ከ45 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ በውፍረቱ ከፕላሱ ኬብል ጋር እኩል፣ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ በጸዳ ላሜራ ላይ መታሰር አለበት።

ከዚያ መለካት የምችልበትን መንገድ አሳየኝ። ከጓደኛዬ ሰብዉፈር ተዋስኩ። ሞተሩን አስነስቼ የመለኪያውን ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ እያጫወትኩ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የአምፑ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ የባትሪው ማይነስ ላይ አደረግሁ። በዲሲ 1.1 ቮልት አነበብኩ። ዜሮ ነጥብ ምናምን መሆን የነበረበት ነው። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት እያለ አምፑ የሚደርሰው 12.1 ብቻ ነበር።

ከጠፋው 1.8 ቮልት 1.1ዱን ግራውንዱ በላው፤ የቀረው 0.7 የት ሄደ? ቁጥር 21 የፕላሱን ኬብል ጫፍ በቢላ ፈቅፍቄ እንዳየው አዘዘኝ። ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ብርማ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። እንዲህ ያለው ኬብል ከንጹሕ መዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ያውም የእኔ ቀጭኑ ባለ 8 ጌጅ ነበር (የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ኬብሉ ይቀጥናል)። 500 ዋት አምፕ ሙሉ ሲሠራ ወደ 45 አምፔር ይጠጣል። በ5 ሜትር ባለ 4 ጌጅ ንጹሕ መዳብ ላይ የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ይህ ከመቃጠሉ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ጠየቅሁ፤ ምላሽ 22 ያ ነው። ቁጥር 4 በዚያው ሥር አጠር አድርጎ መለሰልኝ። የብዙ አምፖች የኃይል ጣራ ከሚደርሳቸው ቮልቴጅ ጋር አብሮ ይወርዳል። ጣራው ሲወርድ መቆረጡ ቀድሞ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ድምፁ አነሰኝ ብዬ ጌይኑን ጨመርኩ። ሲቆረጥ የባሰ ጨመርኩ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተገጣጠመልኝ።

ሌላም ነገር እግረ መንገዴን ልናገር፤ ምክንያቱም በክሩ ውስጥ ሦስት ሰው አንስቶታል። ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ መሆን አለበት። ያ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን ኬብሉንና መኪናውን ነው። ኬብሉ የሆነ ቦታ ተላጦ ላሜራ ቢነካ፣ ፊውዝ ከሌለ መኪናው ይቃጠላል። ሌላውን ሁሉ ብትተዉት ይህን አትተዉ።

ምላሽ 23 እስከ 26። ቁጥር 23 ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ለቅጽበት የሚለቅ እቃ) ብገጥም ሁሉም ነገር እንደሚስተካከል ነገረኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሱበት። አንዱ ስሌት አመጣ። 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ቮልት ወደ 12 ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት 26 ጁል ነው። 500 ዋት ለሚፈልግ አምፕ ሰከንድ ለሃያ ተከፍሎ አንዱን እጅ ብቻ ያበላዋል። አንዲት የከበሮ ምት እንኳ አያስጨርስም። ባሱ ሲመታ የመኪናው መብራት የሚያብለጨልጨው ዲናሞው ወይም ሽቦው ስላልቻለ ከሆነ፣ ካፓሲተር ራሱ ከዚያው ዲናሞ የሚመገብ ሌላ አፍ ነው። ቁጥር 23 እሱ ገጥሞ ለውጥ እንዳየ ደጋግሞ ተናገረ። ማንም አላመነውም። ምናልባት ሲገጥም ያላላቸውን ብሎኖች አብሮ አጥብቆ ይሆናል የሚለው የቁጥር 26 ግምት ሳይሻል አይቀርም።

ምላሽ 27። ቀዳዳ ላለው ሳጥን ሰብሶኒክ ማጣሪያ የግድ ነው። ሳጥኑ ከተቃኘበት በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ሾጣጣውን የሚገታው አየር አይኖርም። ሾጣጣው ያለ ልጓም ይዘላል። ድምፅ አያወጣም፣ ኮይሉ ግን ይመታል። የሰማሁት መፋቅ ከሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ሊሆን ይችላል። ለ35 ኸርዝ ሳጥን 28 አካባቢ ላይ እንዳደርገው መከረኝ።

ምላሽ 28 እስከ 31። ጨዋታው ወደ መንቀጥቀጥ ዞረ። የሰሌዳ ቁጥሩ የሚንቀጠቀጥበት፣ የኋላ ኮፈኑ የሚዘፍንበት፣ ሁሉም የራሱን ተናገረ። ከሰሌዳው ጀርባ ስስ ስፖንጅ መለጠፍ እንደሚበቃ ተነገረ፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ከዚያ ቁጥር 31 ጻፈ። በወጣትነቱ ለብዙ ዓመት በከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ ኖሮ፣ አሁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጆሮው ያለማቋረጥ ይጮሃል። መተኛት እንደሚያስቸግረው ነገረን። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ክሩ ለጥቂት ሰዓት ዝም አለ። እኔም መልስ መጻፍ ከበደኝ። በግል አመስግኜዋለሁ፤ እዚህም ደግሜ አመሰግነዋለሁ።

ምላሽ 32 እና 33። አንዱ መጥቶ ይህ ሁሉ ሺህ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ፈልጎ ማንበብ የማይችል ሰው መኪናውን ለሚያውቅ ይስጥ ብሎ ሄደ። ቁጥር 14 ነው የመለሰለት፤ ያ ሰላማዊ ሰው። ሳይጠይቅ የሚገጥም ሰው መኪና ሲያቃጥል አይቷልና፣ የሚጠይቅን ሰው እንዳያሳፍር አሳሰበው።

ምላሽ 34 እና 35። ሎው ፓሱ 150 ላይ መሆኑን ያነሱት እነዚህ ናቸው። 150 ኸርዝ ላይ የወንድ ድምፅ አለ። ስለዚህ ዘፋኙ ከኋላ ኮፈን የሚዘፍን ይመስላል። ወደ 80 አውርደው፣ የበሮቹን ስፒከሮች ደግሞ በሃይ ፓስ ከ80 በታች ከልክላቸው አሉኝ። ትናንሾቹ ስፒከሮች ከባዱን ሸክም ሲገላገሉ የሚያመጡት ጥራት ይገርማል።

ፌዝ የሚለውን ማብሪያ (የሾጣጣውን የመግፋትና የመሳብ ተራ የሚገለብጠውን) ደግሞ በነጂው ወንበር ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ዜሮና 180 እያደረገ እንዲቀያይረው ነገሩኝ። የ80 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ያህል ነው። ሰብዉፈሩ ከኋላ፣ ስፒከሮቹ ከፊት ሲሆኑ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሊስብ ይችላል። ባሱ ሞላ ብሎ ከፊት የመጣ የሚመስልበትን መምረጥ ነው። ሒሳብ አያስፈልገውም።

ምላሽ 36። የእኔ ሪፖርት። ኬብሉን በባለ 4 ጌጅ መዳብ ቀየርኩ። ግራውንዱን ከቀበቶው ብሎን አንስቼ ላሜራውን ፍቄ አሰርኩ። አሁን ሲለካ 0.07 ቮልት ነው። አምፑ ጋ 13.6 ይደርሳል። ባስ ቡስት ዜሮ፣ ሎው ፓስ 80፣ ሰብሶኒክ 28፣ ፌዝ 180። ጌይኑን 31.6 ሳላደርስ 29 ቮልት ላይ አቆምኩት፤ ወደ 420 ዋት ማለት ነው። ቁልፉ ከሩብ ብዙም አላለፈም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ድምፁ ያነሰ መሰለኝ። ጣቴ ወደ ጌይኑ ሊሄድ ይፈልግ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ስንት ጊዜ የሰማሁትን ዘፈን ከፈትኩ። የባስ ጊታሩ እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ ሲጫወት ሰማሁ። በፊት ሁሉም አንድ ጉርምርምታ ነበር። ከኮይሉ በላይ የቆጨኝ እነዚያ ሁለት ወራት ናቸው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ባስ ስሰማ የቆየሁ መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 37። ቁጥር 9 አንድ ነገር አስታወሰኝ። የቴፑ ድምፅ ከ30 በላይ ከሄደ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ቤተሰብም ጓደኛም መኪናውን ሲይዝ እንድነግራቸው አሳሰበኝ። ነግሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 38። ቁጥር 10 ተመለሰ። ያ በጆሮ የሚያስተካክለው። ቴስተር ተውሶ የራሱን ለክቷል። አምፑ በ4 ኦም 300 ዋት ነው፤ የሚገባው 34.6 ቮልት ነበር። 41 አግኝቷል። ጌይኑን አውርዶ፣ ኮይሉ እስካሁን ምን እንደደረሰበት ለማወቅ ነገ ኦሙን እንደሚለካ ጻፈልን። ቁጥር 11 ከሁሉም ቀድሞ መለሰለት፦ ሲለካ ሰብዉፈሩን ከአምፑ ነቅሎ፣ ቀዝቅዞ እያለ እንዲሆን፤ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ኮይል በቴስተር ከ3.2 እስከ 3.6 አካባቢ እንደሚያነብ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።